የመረጥነው የጥሪ ድምፅ ለምን ይጠፋል?

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ። በመጨረሻ ከታዳሚዎች የቀረቡት ጥያቄዎች በከፊል ተካተዋል።)



የዚህ ንግግር ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሲወጣ አንድ ባልደረባዬ «ለስልክ ጥሪ ድምፅ ደግሞ አዳራሽ ያስፈልጋል ወይ?» ሲል ጠይቆኝ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። የጥሪ ድምፅ መቀየር ማንኛውም ታዳጊ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሚፈጽመው ተግባር ነው። ሆኖም የተቀየረው ድምፅ ከሳምንት በኋላ በራሱ ጊዜ ወደ ቀድሞው ሲመለስ፣ ወይም ለአንድ ሰው ብቻ የተመደበው ዜማ ያ ሰው ሲደውል አልሰማ ሲል፣ ምክንያቱን የሚያስረዳ በቀላሉ አይገኝም። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠን ምክር «አጥፍተህ አብራው» የሚል ነው። እኔም የኮምፒውተር ሥርዓቶችን እያስተማርኩ ለብዙ ዓመታት ከዚህ የተሻለ መልስ አልነበረኝም። ነገሩን እንድመረምረው ያስገደደችኝ እናቴ ናት።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ስልኳ ሲጮኽ በመስታወቱ ላይ የሚወጣውን ስም ማንበብ ስለማትችል፣ ለእያንዳንዳችን ለልጆቿ የተለየ የጥሪ ድምፅ መድበንላት ነበር። በባሕር ማዶ ለምትኖረው ታላቅ እኅቴ በገና፣ ለእኔ ዋሽንት፣ ለታናሽ ወንድሜ ደግሞ እርሱ ራሱ የመረጠው አንድ ፈጣን ዘፈን። ከዚህም ጋር «ከእነዚህ ከሦስቱ ሌላ ድምፅ ከሰማሽ አታንሺ» ብለን አጥብቀን ነግረናታል፤ «ሽልማት ደርሶሻል» እያሉ የሚደውሉ አጭበርባሪዎች አንድ ጊዜ ጎድተዋት ስለነበር ነው። አንድ ቀን የስልኩ ሚሞሪ ካርድ ሞላ። ሰፋ ያለ ካርድ ገዛሁና በአሮጌው ላይ የነበረውን ሁሉ፣ የማኅደሮቹን ስም እንኳ ሳልለውጥ፣ ገልብጬ አስገባሁላት። ከዚያ በኋላ ለዘጠኝ ቀናት ማናችንም ልናገኛት አልቻልንም። በመጨረሻ የጎረቤት ልጅ ልከን ስናጣራ እናቴ ደኅና ነበረች፤ ስልኩም ይጮኽ ነበር። «የማላውቀው ድምፅ ነው የሚጮኸው፤ እንዲህ ሲሆን አታንሺ ብላችሁኛል» አለች። ትእዛዛችንን አንድም ሳታጓድል ፈጽማለች።

ስልኩን ስመረምር በገናውም፣ ዋሽንቱም፣ ዘፈኑም በአዲሱ ካርድ ላይ በየስፍራቸው ተቀምጠዋል። ከፍቼ ሳዳምጣቸው ያለ እንከን ይሰማሉ። በስልክ ማውጫው ውስጥ ግን በየስማችን ትይዩ የጥሪ ድምፁ «ያልታወቀ» ይላል። ታዲያ ፋይሉ ካልጠፋ የጠፋው ምንድን ነው?

ይህን ለመረዳት ሁላችንም የምናውቀውን የመዝገብ ቤት አሠራር እናስታውስ። አንድ ባለጉዳይ ፍርድ ቤት ሲሄድ መዝገቡን በብብቱ ይዞ አይሄድም፤ የሚይዘው የመዝገብ ቁጥር የተጻፈባትን ቁራጭ ወረቀት ነው። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ቁጥሩን ከዋናው ዝርዝር ጋር ያመሳክራል፤ ዝርዝሩ መዝገቡ በየትኛው መደርደሪያ እንዳለ ይነግረዋል፤ ከዚያ ሄዶ ያመጣዋል። ስለዚህ ሦስት ነገሮች አሉ፤ ወረቀቷ፣ ዝርዝሩና መዝገቡ። መዝገቡ በስፍራው ሳለ ዝርዝሩ እንደ አዲስ ቢጻፍና ቁጥሮቹ ቢለወጡ፣ ባለጉዳዩ በያዘው ቁጥር ወይ ምንም አያገኝም፣ ወይ የሌላ ሰው መዝገብ ይወጣለታል።

የአንድሮይድ ስልክ አሠራርም ይህንኑ ይመስላል። የጥሪ ድምፅ ስንመርጥ ስልኩ ዘፈኑን ወስዶ በቅንብሩ ውስጥ አያስቀምጥም። የሚያስቀምጠው አድራሻ ነው፤ «በውጭው ማከማቻ፣ በድምፆች መዝገብ፣ ቁጥር 1274» እንደማለት ያለ። ይህ ቁጥር የፋይሉ ስም አይደለም፤ ፋይሉ ያለበት ማኅደርም አይደለም። ስልኩ በውስጡ ያሉትን ድምፆች፣ ፎቶግራፎችና ቪዲዮዎች የሚመዘግብበት አንድ የመረጃ ቋት አለው። አዲስ ፋይል ሲገኝ ቋቱ ተከታታይ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ፋይሉ ሲጠፋ ቁጥሩም ከመዝገቡ ይሰረዛል። ያው ፋይል፣ ያንኑ ስም ይዞ፣ በዚያው ስፍራ ቢመለስ እንኳ ለቋቱ አዲስ እንግዳ ነው፤ ሌላ ቁጥር ይሰጠዋል። እኔ ካርዱን ሳወጣ ቁጥር 1274 ከመዝገቡ ወጣ፤ አዲሱ ካርድ ሲገባ በገናው ሌላ ቁጥር ተሰጠው። የእኅቴ ስም ግን የያዘው አሮጌዋን ቁራጭ ወረቀት ነበር። በዚህ ላይ ከአንድሮይድ 10 ጀምሮ እያንዳንዱ ካርድ በመዝገቡ ውስጥ የራሱ መለያ ስም አለው፤ ስለዚህ አዲሱ ካርድ በመዝገቡ ዓይን እንደ አሮጌው አይቆጠርም።

በመካከላችን ያላችሁ የፕሮግራም ተማሪዎች ይህ ምን እንደሆነ ገብቷችኋል፤ በክፍል ውስጥ «የሚያመለክተው ነገር የጠፋበት ጠቋሚ» እያልን የምንማረው ስሕተት ነው። በፈተና ወረቀት ላይ ግን አንዲት እናት ስልክ ሳታነሳ ዘጠኝ ቀን አትቀመጥም።

የጥንቱ ስልክ ይህ ችግር አልነበረበትም። ደወሉ በሣጥኑ ውስጥ የታሰረ ብረት ነበር፤ የሚያስጮኸውም ኤሌክትሪክ ከማዕከሉ በሽቦው ይመጣ ነበር። ደወሉና ድምፁ አንድ ነገር ስለሆኑ አንዱ ሌላውን ሊያጣ አይችልም። የመጀመሪያዎቹ ተንቀሳቃሽ ስልኮችም ቢሆኑ ዜማቸውን በውስጣቸው ይዘው ነው ከፋብሪካ የሚወጡት። ኖኪያ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ያስተዋወቀው ዜማ ከስፔናዊው የጊታር ሊቅ ከፍራንሲስኮ ታሬጋ የ1902 ድርሰት የተወሰደ ነው፤ በስልኩ ውስጥ የነበረው የኖታዎች ተራ ብቻ ነበር። የተጠቃሚው ምርጫ ከስልኩ ውጭ ወደ ተቀመጠ፣ ሊነሳና ሊዛወር ወደሚችል ፋይል ሲሻገር ነው የዛሬው ችግር የተወለደው።

እንግዲህ ወረቀቷና መዝገቡ የሚለያዩባቸውን አጋጣሚዎች እንያቸው። የካርድ መቀየርን አይተናል። በእኛ ሀገር ከዚህ ይበልጥ የሚያጋጥመው ግን ከቴሌግራም የሚመጣው ይመስለኛል። ብዙዎቻችን ዘፈን የምናገኘው ከቴሌግራም ቻናሎች ነው። መተግበሪያው ያወረደውን ፋይል በቅድሚያ የሚያስቀምጠው በራሱ ጓዳ ውስጥ ነው፤ ቦታ ለመቆጠብም ለተወሰኑ ቀናት ያልተከፈተውን ፋይል እንዲያጸዳ የሚያዝ ቅንብር አለው። ጊዜው ለቀናት፣ ለሳምንት ወይም ለወር ሊሆን ይችላል። የጥሪ ድምፃችን ወደዚያ ጓዳ የሚያመለክት ከሆነ፣ ጽዳቱ በተካሄደ ማግስት ስልኩ በነባሩ ድምፅ ይጮኻል። «ከሳምንት በኋላ በራሱ ተቀየረ» የሚለው አቤቱታ ብዙውን ጊዜ ከዚህ የሚመነጭ ነው። «ስልክ አጽጂ» ተብለው የሚጫኑ መተግበሪያዎችም እንዲሁ ያደርጋሉ። መፍትሔው ዘፈኑን ከቴሌግራም ውስጥ ወደ ስልኩ የሙዚቃ ወይም የውርዶች ማኅደር አስቀምጦ፣ ከዚያ «ሪንግቶንስ» ወደሚባለው ማኅደር መገልበጥ ነው።

ይህ ማኅደር ተራ ማኅደር አይደለም። የስልኩ መዝጋቢ በ«ሪንግቶንስ» ውስጥ ያገኘውን ፋይል «ይህ ለጥሪ የሚሆን ነው» የሚል ምልክት ያደርግበታል፤ በ«ኖቲፊኬሽንስ» ያለውን ለማሳወቂያ፣ በ«አላርምስ» ያለውን ለማንቂያ። በድምፅ መምረጫው ዝርዝር ውስጥ የሚወጡት ይህ ምልክት ያለባቸው ናቸው። ዘፈኑ በሙዚቃ ማጫወቻው እየታየ በጥሪ ድምፆች ዝርዝር ውስጥ የማይገኘው አብዛኛውን ጊዜ በሌላ ማኅደር ውስጥ ስለተቀመጠ ነው። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ በማኅደሩ ውስጥ «ኖሚዲያ» የሚል፣ በነጥብ የሚጀምር ባዶ ፋይል ሲኖር ነው፤ ይህች ባዶ ፋይል መዝጋቢው ወደ ማኅደሩ እንዳይገባ የምታግድ ምልክት ናት። አንዳንድ መተግበሪያዎች ሥዕሎቻቸው በፎቶ ማሳያው እንዳይታዩ ይፈጥሯታል፤ ከዚያው ማኅደር ዘፈን የፈለገ ሰው ግን ምንም አያገኝም።

በየጥገና ቤቱ ከሚሰጡ ምክሮች አንዱን በተለይ ልጠቁማችሁ እወዳለሁ። ፎቶ አልታይ ወይም ዘፈን አልገኝ ሲል «የሚዲያ ማከማቻ» የተባለውን የሥርዓቱን ክፍል መረጃ ማጥፋት ይመከራል። ይህ ማለት ዋናውን ዝርዝር ቀዶ እንደ አዲስ መጻፍ ማለት ነው። ፎቶዎቹ ይመለሳሉ፤ ቁጥሮቹ ግን ተለውጠዋልና ቀድሞ የተመደቡት የጥሪ ድምፆች በሙሉ ባዶ አድራሻ ሊይዙ ይችላሉ።

የአንድሮይድ መሐንዲሶች ይህን ድካም አላጡትም። በአዳዲሶቹ ትውልዶች ለጠቅላላው የጥሪ ድምፅ ከቁጥሩ ጋር የዘፈኑ ርእስም አብሮ እንዲቀመጥ አድርገዋል፤ ቁጥሩ ሲሳሳት ሥርዓቱ በርእሱ ይፈልጋል። ርእስ ስል የፋይሉን ስም ማለቴ አይደለም፤ በፋይሉ ሆድ ውስጥ የተጻፈውን የዜማ ርእስ ነው። በርካታ ዘፈኖች ግን ከካሴት ወይም ከሲዲ ሲገለበጡ ርእሳቸው «ትራክ 01» ሆኖ ቀርቷል፤ እንዲህ ያሉ አሥር ፋይሎች ባሉበት ስልክ በርእስ መፈለግ ምን ያህል እንደሚረዳ ገምቱት።

አሁን ወደ ስልኩ ጠባይ ልመለስ። አድራሻው ባዶ ሆኖ ሲገኝ ስልኩ ዝም አይልም፤ በነባሩ ድምፅ ይተካል። ነባሩም ካልተገኘ በአንድሮይድ ውስጥ ለዚህ ለመጨረሻው ችግር ብቻ የተቀመጠ አንድ ድምፅ አለ። ከምህንድስና አንጻር ይህ ትክክለኛ ውሳኔ ነው፤ ስልክ ከሁሉ አስቀድሞ መጮኽ አለበትና። እኔን የሚያሳዝነኝ ግን ተተኪው ድምፅ ሲሰማ ለባለቤቱ የሚነገር ምንም ነገር አለመኖሩ ነው። «ለእገሊት የመደብከው ድምፅ አልተገኘም» የምትል አንዲት መስመር ብትወጣ ኖሮ የአብዛኛው ሰው ችግር በዚያው ዕለት ይፈታ ነበር። ሥርዓቱ ራሱን ከውድቀት ያድናል፤ መውደቁን ግን ይደብቃል።

ለአንድ ሰው ብቻ የሚመደበው ድምፅ የራሱ የሆኑ እክሎች አሉት። የመጀመሪያው ስሙ የተመዘገበበት ስፍራ ነው። በእኛ ዘንድ ስልክ ቁጥርን በሲም ካርድ ላይ መመዝገብ የቆየ ልማድ ነው፤ ስልክ ቢጠፋም ቢሰበርም ሲሙ ይተርፋል በሚል። የሲም ካርድ ማውጫ ግን ለስምና ለቁጥር የተበጀ ጠባብ ሠንጠረዥ ነው፤ ለጥሪ ድምፅ የሚሆን ዓምድ የለውም። ስለዚህ በሲም ላይ ለተመዘገበ ሰው ድምፅ የመምረጫው አማራጭ ጭራሹኑ ላይታይ ይችላል። ስሙን ወደ ስልኩ ማዛወር ያስፈልጋል። ሁለተኛው፣ ይህ ምደባ የሚኖረው በዚያው ስልክ ላይ ነው። ማውጫችን ከጉግል አካውንት ጋር ቢመሳሰልና ስሞቹ ሁሉ ወደ አዲሱ ስልክ ቢመጡም፣ የጥሪ ድምፆቹ አብረው አይመጡም።

ሦስተኛው እክል ብዙዎችን ግራ የሚያጋባ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ከወጣው ከአንድሮይድ 7 ወዲህ ስልኩ እንደገና ሲነሳ ባለቤቱ የመክፈቻ ቁጥሩን እስኪያስገባ ድረስ የግል መረጃው በምስጠራ እንደተቆለፈ የሚቆይባቸው ስልኮች መጡ፤ ዛሬ ይህ የተለመደ ነው። በዚህ ጊዜ ጥሪ ቢመጣ ስልኩ የስም ማውጫውን ማንበብ አይችልም፤ ቁጥሩን ብቻ ያሳያል፤ ለዚያ ሰው የተመደበውም ድምፅ አይሰማም። ጠቅላላው የጥሪ ድምፅ ግን ይሰማል፤ ምክንያቱም ሥርዓቱ የእርሱን አንድ ቅጂ ከቁልፉ ውጭ በሆነ ስፍራ አስቀድሞ ያስቀምጣል። ሌሊት ባትሪው አልቆ ጠዋት የተነሳ፣ ገና ያልተከፈተ ስልክ የልጅን ድምፅ ከእንግዳ ድምፅ አይለይም። ይህ ብልሽት አይደለም፤ አንድ ጊዜ መክፈት ብቻ ነው የሚፈልገው።

አራተኛው የእናቴን ታሪክ ሁለተኛ ክፍል ይዟል። ድምፆቹን ሁሉ ወደ ስልኩ የውስጥ ማከማቻ አዛውሬ፣ እንደገና መድቤ፣ በእኔና በወንድሜ ስልክ ሞክሬ ተመለስኩ። የእኅቴ ጥሪ ግን አሁንም በማይታወቅ ድምፅ ይጮኻል። ለካስ እኅቴ የምትደውለው በመደበኛው መስመር ሳይሆን በዋትስአፕ ነው! በኢንተርኔት የሚመጣ ጥሪ በመሠረቱ የዚያ መተግበሪያ ጉዳይ ነው፤ በስልክ ማውጫው ለእርስዋ የተመደበውን በገና አይጠይቅም፤ የራሱን ቅንብር ይከተላል። በዋትስአፕ ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን የጥሪ ድምፅ በዚያው ሰው ገጽ፣ በማሳወቂያዎች ሥር ይመረጣል። ልጆቻቸው በአረብ ሀገራት፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ላሉባቸው ቤተሰቦች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ከሩቅ የሚመጣው ጥሪ፣ ማለትም ይበልጥ የሚጠበቀው፣ ከመደበኛው ምደባ ውጭ የሚያልፈው እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣው ከአንድሮይድ 8 ጀምሮ ደግሞ የመተግበሪያዎች ማሳወቂያ ድምፅ በየዘርፉ ተከፋፍሎ ለባለቤቱ ምርጫ የተተወ ነው፤ መተግበሪያው አንድ ጊዜ ዘርፉን ከፈጠረ በኋላ ድምፁን በራሱ ሊለውጠው አይችልም። በመተግበሪያው ውስጥ የቀየርነው የማሳወቂያ ድምፅ አልሠራ ሲል በስልኩ ቅንብር ውስጥ የዚያን መተግበሪያ የማሳወቂያ ዘርፎች መፈተሽ ይገባል።

ሁለት ሲም ስለሚይዙ ስልኮች በአጭሩ ልናገር። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 አገልግሎቱን በይፋ ከጀመረ ወዲህ ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር ሁለቱንም በአንድ ስልክ የያዘ ሰው በርክቷል። በብዙ ስልኮች ለሲም 1 እና ለሲም 2 የጥሪ ድምፁ ለየብቻ ይመረጣል። የአንዱን ቀይሮ በሌላው የሚደወልለት ሰው ቅንብሩ የከዳው ይመስለዋል።

ሌላው የስም መመሳሰል ያመጣው ስሕተት ነው። «የጥሪ ማሳመሪያ» እየተባለ በቴሌኮም ድርጅት የሚሸጠው አገልግሎትና የስልክ ጥሪ ድምፅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው በድርጅቱ ማዕከል ውስጥ ያለ ሲሆን የሚሰማው የሚደውለው ሰው ነው፤ ሁለተኛው በስልካችን ውስጥ ያለ ሲሆን የምንሰማው እኛ ነን። በየወሩ እየከፈለ «ስልኬ ግን አሁንም በድሮው ድምፅ ነው የሚጮኸው» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ስልኩን ማንም መጠገን አይችልም፤ ያልተበላሸ ነገር ነውና።

እንግዲህ ችግር ሲያጋጥም በምን ተራ እንመርምር? የምመክረው ከመዝገቡ ሳይሆን ከደወሉ መጀመርን ነው። ከስልኩ ጋር ከመጡት ድምፆች አንዱን ምረጡና ከሌላ ስልክ ደውሉ። ካልጮኸ ነገሩ ከፋይሉ ጋር ግንኙነት የለውም፤ የጥሪውን ድምፅ መጠን (ከሙዚቃው መጠን የተለየ ነው)፣ «አትረብሽ» የሚለውን ቅንብርና ከስልኩ ጋር የተያያዘ የብሉቱዝ መሣሪያ መኖር አለመኖሩን ተመልከቱ። ከጮኸ ደግሞ ድምፅ ማጉያውም፣ መጠኑም፣ ፈቃዱም ደኅና ናቸው ማለት ነው፤ ቀሪው የፋይሉና የአድራሻው ጉዳይ ነው። ፋይሉን በስልኩ የውስጥ ማከማቻ በ«ሪንግቶንስ» ውስጥ አስቀምጡ፤ ከሙዚቃ ማጫወቻው ሳይሆን ከስልኩ ቅንብር ገብታችሁ ምረጡት። ከዚያ ስልኩን አጥፍታችሁ አብሩና ከፍታችሁ እንደገና አስደውሉ። እዚህ ላይ ማጥፋትና ማብራቱ መፍትሔ አይደለም፤ ፈተና ነው። ከዚህ ፈተና ያለፈ ምደባ ካርድ በመቀየርም ሆነ መተግበሪያ በማጽዳት አይናወጥም። በሰው ስም የተመደበ ከሆነ ይህን ሁሉ ከጨረሳችሁ በኋላ በዚያ ሰው ስልክ፣ እርሱ ዘወትር በሚደውልበት መንገድ አስደውሉ። እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነበር።

ፋይሉ ራሱ የማይመረጥበትም ጊዜ አለ። አንድሮይድ ኤምፒ3፣ ኤኤሲ፣ ኦግ፣ ዌቭና ሌሎችንም ይቀበላል። በክፍያ ከሚደመጡ የሙዚቃ አገልግሎቶች «የወረደ» ዘፈን ግን በምስጠራ የታሰረ ስለሆነ ከመተግበሪያው ውጭ ዘፈን አይደለም፤ የጥሪ ድምፅ ሊሆን አይችልም።

በአይፎን ላይ ችግሩ ሌላ መልክ አለው፤ እዚያ የሚያስቸግረው መጥፋቱ ሳይሆን መግባቱ ነው። አይፎን ለጥሪ ድምፅ የሚቀበለው ኤም4አር የተባለ ፋይል ነው፤ ይዘቱ ከተለመደው ኤም4ኤ ጋር አንድ ሲሆን የሚለየው በስሙ ቅጥያ ነው። በኮምፒውተር በኩል ሲገባ ከ40 ሰከንድ፣ በጋራዥባንድ ሲሠራ ከ30 ሰከንድ መብለጥ የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2017 አይቲዩንስ 12.7 ሲወጣ የጥሪ ድምፆች ክፍል ከፕሮግራሙ በመነሳቱ ብዙ ሰው መንገዱ የተዘጋ መስሎት ነበር፤ ፋይሉን ጎትቶ ወደ ስልኩ ማስገባት ግን አሁንም ይቻላል። በ2025 የወጣው አይኦኤስ 26 ደግሞ ከ30 ሰከንድ ያልበለጠን የድምፅ ፋይል ከማጋሪያው ዝርዝር ላይ በቀጥታ የጥሪ ድምፅ ማድረግን ፈቅዷል። አንድ ነገር ልጨምር፤ ፊትን በሚለዩት አይፎኖች ላይ ስልኩን ስንመለከተው የጥሪው ድምፅ በራሱ ዝቅ ይላል። ድምፅ ማጉያው የደከመ መስሏቸው ወደ ጥገና የሚሄዱ አሉ፤ ቅንብሩ ግን ሊጠፋ የሚችል ነው።

ጥያቄ ካለ ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።

ጠያቂ (ተማሪ)፦ የጥሪ ድምፅ ለመቀየር ተብለው የሚጫኑ መተግበሪያዎች ይረዳሉን?

መልስ፦ ድምፁን ለመቁረጥ ይረዳሉ። ከዚያ ያለፈውን ግን በጥንቃቄ ማየት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2015 ከወጣው ከአንድሮይድ 6 ጀምሮ አንድ መተግበሪያ የጥሪ ድምፅን ለመቀየር «የሥርዓት ቅንብሮችን መቀየር» የሚል ልዩ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ይህ ካልተሰጠው «ተቀይሯል» ብሎ ምንም ሳይቀይር ሊቀር ይችላል። ለአንድ ሰው ብቻ ለመመደብ ደግሞ ማውጫችሁን የመንካት ፈቃድ ይጠይቃል። እስከዚህ ድረስ ምክንያት አለው። የጽሑፍ መልእክታችሁን ለማንበብ ወይም ያላችሁበትን ስፍራ ለማወቅ ከጠየቀ ግን ለዘፈን የሚያስፈልገው አይደለም። ቆርጣችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ምደባውን በስልኩ በራሱ ቅንብር ፈጽሙት።

ጠያቂ (መምህር)፦ በገናን የጥሪ ድምፅ ማድረግዎ አስገርሞኛል። እንዲያ ያለ ወፍራም ድምፅ በስልክ ድምፅ ማጉያ፣ ያውም በገበያ ውስጥ፣ ይሰማልን?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ በማግኘቴ ደስ ብሎኛል። የስልክ ድምፅ ማጉያ እጅግ ትንሽ ስለሆነ ዝቅተኛ ንዝረቶችን ማውጣት አይችልም። ከበሮ የሚበዛበት ዘፈን በስልክ ላይ ባዶ ሆኖ የሚሰማው ለዚህ ነው። በገና ግን ልዩ ነው። በአውታሩና በድልድዩ መካከል የምትገባው እንዝራ የተባለችው ቁራጭ ቆዳ ድምፁን ታንዛዝገዋለች፤ ይህም ከመሠረታዊው ድምፅ በላይ የሆኑ ብዙ ተከታይ ድምፆችን ያፈልቃል። ማጉያው መሠረቱን ባያወጣም ተከታዮቹን ያወጣል፤ ጆሮም ከእነርሱ ተነሥቶ የጠፋውን መሠረት በራሱ ይሞላል። ስለዚህ ይሰማል። ችግሩ ሌላ ነው፤ የበገና ዜማ ቀስ ብሎ ነው የሚጀምረው፤ ጥሪ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ይቋረጣል። በመጀመሪያ ያስገባሁት ፋይል ረዘም ያለ ጸጥታ ነበረው፤ እናቴ ከሌላ ክፍል እስክትመጣ ጥሪው ያልቅ ነበር። መጀመሪያውን ቆርጬ ከዜማው መካከል እንዲነሳ አደረግሁት።

ጠያቂ (ተማሪ)፦ የእናትዎ ስልክ አሁን እንዴት ነው?

መልስ፦ ሦስቱም ድምፆች በስልኩ በራሱ ማከማቻ ውስጥ ናቸው፤ ስሞቻችንም ከሲሙ ወጥተው በስልኩ ላይ ተመዝግበዋል። የእኅቴን በዋትስአፕም በገና አድርጌዋለሁ። ሄጄ በጠየቅኋት ቁጥር ስልኩን አጥፍቼ አበራና ከደጅ ሆኜ እደውላለሁ። «አታንሺ» የሚለውን ትእዛዝ ግን ለውጠነዋል፤ አሁን የማታውቀው ድምፅ ሲጮኽ ታነሳለች፣ የእኛን ድምፅ ካልሰማች ምንም ሳትናገር ትዘጋለች። ባለፈው ወር የባንክ ሠራተኛ ነኝ ያላትን አንድ ሰው እንዲህ ዘግታበታለች።